በዪው፣ በያት

ተማሪዎቿ «አለ-አለች» ይሏታል። ትክክለኛ ስሟን የማያውቅ ሞልቷል፤ ይህን ቅጽል ስም ግን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ያውቀዋል። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። የእንግሊዝኛ ሰዋስው አስተማሪ ናት፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው የሚያወራበትን፣ መጽሐፉ «ሪፖርትድ ስፒች» የሚለውን ምዕራፍ እንደ እሷ አድርጎ የሚያስተምር የለም። ባልደረቦቿ ምዕራፉ ሲቃረብ «እባክሽ የኔን ክፍል አንቺ ግቢልኝ፣ እኔ ያንቺን ፈተና አርምልሻለሁ» እያሉ ይለማመጧታል።

«ሰውየው ‹ነገ እዚህ እመጣለሁ› አለ እንበል» ትላለች ጠመኔዋን በጣቶቿ እያገላበጠች። «እናንተ ይህን ለሌላ ሰው ስታደርሱ ምን ይሆናል? ‹እኔ› የነበረው ‹እሱ› ይሆናል። ‹ነገ› የነበረው ‹በማግስቱ›። ‹እዚህ› የነበረው ‹እዚያ›። ቃል ከባለቤቱ አፍ ወጥቶ በሌላ ሰው አፍ ሲገባ ሁሉም ነገር ትንሽ ይርቃል።»

ፓሲቭ ቮይስን ስታስተምር ደግሞ የተሰበረው የክፍሉ መስኮት ይጠቅማታል። «‹ልጁ መስኮቱን ሰበረው› ካልን አድራጊው አለ። ‹መስኮቱ ተሰበረ› ስንል ግን ልጁ የት ገባ?»

«ሮጦ አመለጠ፣ ቲቸር» ይላል ከኋላ ወንበር አንዱ አፈኛ።

ክፍሉ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። «ልክ ነህ፣ አምልጧል። ሰው ፓሲቭ የሚወደው ለዚህ ነው።»

ይህን ሁሉ በመምህራን ማሠልጠኛ የተማረችው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ማሠልጠኛው ያስተማራት እንግሊዝኛውን ብቻ ነው። ሙያውን የለመደችው እቤቷ፣ ገና በልጅነቷ ነበር።

አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው አንድ ሳሎንና ሁለት ጠባብ ክፍሎች አሉት። እናቷ ከሳሎኑ መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትውላለች፤ ማታ ከልጇ ጋር በአንዱ ክፍል ትተኛለች። አባቷ የሚያድርበትን የኋላውን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው ቀለም የተቀባ ስስ ጣውላ ነው። ወዲህ ያለ ሰው ቢያስነጥስ ወዲያ ያለው «ይማርህ» ለማለት አይቸገርም። በእነዚህ ባልና ሚስት መሃል ግን «ይማርህ» እንኳ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ነገሩ የመጣው በታላቅ ወንድሟ ነው። እሷ «ጋሼ» ትለው ነበር፤ ሳቂታ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ከትምህርት ይልቅ ኳስ የሚወድ ልጅ። ትምህርቱን ማቋረጡን አባቱ ከሰው አፍ ሰማ። ያን ቀን ከሥራ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «ውጣልኝ። ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ» አለው። ጋሼ ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አንስቶ ወጣ። እናቱ እየተከተለች እስከ አስፋልቱ ብትለምነውም አልተመለሰም። ሌላ ከተማ ሄዶ የቀን ሥራ ያዘ። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከሚሠራበት ሕንጻ መወጣጫ ላይ ወድቆ ሞተ፤ የመጣላቸው ሬሳው ነው።

ለቅሶ ላይ ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ ክፉ አስቦ ሳይሆን ወሬ ለመቀጠል ያህል፣ ልጁ ከቤት እንዴት እንደ ወጣ ጠየቀ። አባትየው መሬት መሬት እያየ «ራሱ ነው የሄደው። ማንም አላባረረውም» አለ። እናትየው ይህን ሰማች። ከተቀመጠችበት ተነሥታ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይቺን ቃል እስክታነሳት ድረስ እኔና አንተ መነጋገር የለም» አለችው። ሰው የሐዘን ንግግር ነው ብሎ አለፈው። እሷ ግን ያለችውን አደረገች። እሱም ቃሉን አላነሳም። ሁለት እንዲህ ያሉ ግትሮችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ትልቅ ቅጣት ነው፤ ቅጣቱን የጨረሰችው ግን ምንም ያላጠፋችው ልጃቸው ናት።

«ሻዩ ቀርቧል በዪው።»

«መጣሁ በያት።»

ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ ሆነው እንዲህ ይላሉ። አንዱ የሌላውን ድምፅ አጥርቶ ይሰማል፤ ግን ልጅቷ ተመላልሳ ካላደረሰችው ቃሉ እንደ ተነገረ አይቆጠርም። እሷም ብዙ ሳትቆይ ቃልን ማለስለስ ለመደች። አባቷ «ይሄን ሾርባ ጨው ማን ደፋበት በያት» ሲል «ሾርባው ትንሽ ጨው በዝቶበታል፣ ግን ይጣፍጣል ይላል» ትላለች። እናቷ «ካልጣመው ይተወው በዪው» ስትል «ነገ ይስተካከላል ብላለች» ብላ ትመልሳለች። «እናትሽ ሬዲዮኔን ጣለችው» የተባለው ሳሎን ሲደርስ «ሬዲዮው ወድቋል» ይሆናል። በዚያ ቤት ነገር ሁሉ ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ ያርራል፤ የጣለው፣ የሰበረውና ያሳረረው ሰው ግን አይገኝም። ከጨረሰች በኋላ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ጣል ታደርጋለች፤ ለእናቷ «እባክሽ ብሏል»፣ ለአባቷ «አይዞህ ብላለች»። ሁለቱም የተባለውንም የተጨመረውንም ይሰማሉ። ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ማሠልጠኛ የገባች ጊዜ መልእክተኛው ማን እንደሚሆን አስጨንቋት ነበር። ለዕረፍት ስትመለስ ሥራውን የቤቱ ድመት ተረክባው አገኘች። እናቷ እግሯ ሥር ለተኛችው ድመት «ምሳ ቀርቧል በዪው» ትላለች፤ አባቷ ከወዲያ ሆኖ ለዚያችው ድመት «መጣሁ በያት» ይላል። ድመቷ ወፍራለች፤ ከሁለቱም ወገን ጉርሻ ታገኛለች። ልጅቷ በዚያ ቀን እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ምክንያቱም ድመቷ ምንም ሳትጨምርበት ቤቱ እንደ በፊቱ ቀጥሏል።

ትዳር ሳይመጣላት ቀርቶ አይደለም። አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። ካርታዎቹን ተሸክማ እያገዘችው ከአስተማሪዎች ክፍል እስከ መማሪያ ክፍል ይሄዱ ነበር። እንድታገባው ሲጠይቃት «እማዬ ‹ካንቺ ሌላ ማን አለኝ› ትላለች፣ አባባ ደግሞ ‹እንዳልሽ አድርጊ› ብሏል፤ እማዬ ግን አባባ እንደዚያ የሚለው ተከፍቶ ነው ትላለች» እያለች ዘረዘረችለት። እሱ እስክትጨርስ ጠብቆ «አንቺስ? አንቺ ራስሽ ምን ትያለሽ?» አላት። የምትለውን ፈለገች፤ አጣች። የሁለት ሰው ቃል አፏን ሞልቶት የራሷ ቦታ አላገኘም። ሰውየው ጊዜ ሰጣት፤ ጠበቀ፤ በመጨረሻ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። እሷም በዚያው ወደ ክፍሏና ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። ስለ እሱ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ ቢጠይቋት ይሻላት ነበር።

አባቷ ጡረታ ከወጣ በኋላ ልቡ ታመመ። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃተው፣ ቀጥሎ ተኝቶ መተንፈስ። ሆስፒታል የገባ ቀን እናቷ በሩ ላይ ቆማ አምቡላንሱ እስኪዞር አየችው። አልተሰናበተችውም። ማታ ግን የስፌት መኪናዋን ሳትነካ ግድግዳውን ደገፍ ብላ ተቀምጣ ነበር። ከወዲያ ምንም አይሰማም። ሬዲዮም የለ፣ ሳልም የለ።

ከማግስቱ ጀምሮ ሾርባ በፔርሙዝ መላክ ጀመረች። «ትኩስ ነው፣ ቀስ እያለ ይጠጣው በዪው» ትላለች። መምህርቷ በዚህ ቃል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጨምረው አጥታ ተገረመች። አባቷ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደርጎለት፣ ትራስ ተደግፎ ይቀምሰዋል፤ «ጨው የለውም በያት» ይላል። እሷም እቤት ስትገባ በልማዷ «በጣም ጣፈጠኝ ብሏል» ትላለች።

እናቷ ፔርሙዙን እያጠበች ቀና ብላ ታያታለች። «ሐኪም ጨው የከለከለው ሾርባ ጣፈጠኝ አለ?»

«አዎ።»

«እሺ» ትላለች እናቷ።

የአባቷ ሐኪም አንድ ቀን መምህርቷን ከኮሪደሩ ጥግ ወስዳ «ቤተሰብ ካለ እየመጣ ይየው። ብዙ ጊዜ የለንም» አለቻት። ከዚያ በኋላ መምህርቷ አንድ ነገር ብቻ ተመኘች፤ እናቷ መጥታ ከአልጋው አጠገብ እንድትቀመጥና ሁለቱ እሷ በመሃል ሳትገባ አንድ ቃል እንዲነጋገሩ። ለራሷ ትዳር ፈጣሪን ለምና አታውቅም፤ ለዚህ ግን በየመንገዱ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ሳይቀር ስትለምን ሰነበተች። እናቷን «እንሂድ» ስትላት መልሱ አንድ ነው። «ያላትን ቃል ያንሳና እሄዳለሁ።»

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቷ ሾርባውን ሳይነካ እጇን ያዘ።

«ሚጡ» አላት። ትንሽ ሳለች የሚጠራት እንዲህ ነበር። «ለእናትሽ ንገሪያት። ልጁን ያባረርኩት እኔ ነኝ። ራሱ አልሄደም።»

ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀች። ሌላ ነገር ሊል መስሏት ጆሮዋን አስጠጋች።

«ያላልኩትን ስታወሪላት በግድግዳው ስሰማ ኖሬያለሁ» አለ። «አልከፋኝም። ደግ ልጅ ነሽ። ይቺን ግን እንዳለች አድርሺልኝ። እንዳትጨምሪባት።»

«እሺ አባባ።»

«በቃ ሂጂ። አሁን ሂጂ።»

በሆስፒታሉ ደረጃ እየሮጠች ወረደች። ደስታ ነበር የሚያስሮጣት፤ በዚያ ግቢ በደስታ የሚሮጥ ሰው ስለማይታይ ዘበኛው ዞሮ አያት። ታክሲ ውስጥ የአባቷን ቃል እንደ ተማሪ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አጠናችው። ዛሬ ነገ ሳይባል፣ አሁኑኑ እናቷን ይዛ እንደምትመለስ ታይቷት ነጠላዋን ለመልበስ እንኳ ጊዜ እንደማትሰጣት ወሰነች።

እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። አጠገቧ ወንበሩ ላይ ያለቀ ኮሌታው ተገልብጦ እንደ አዲስ የተሰፋ፣ የተተኮሰ የወንድ ሸሚዝ ተሰቅሏል። የአባቷ ሸሚዝ ነው።

«እማዬ፣ አባባ ‹ልጁን ያባረርኩት እኔ ነኝ፣ ራሱ አልሄደም› ብሏል።»

መኪናው ቆመ። እናቷ ቀና አላለችም፤ እጇ ጨርቁ ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር አልታየም። መምህርቷ ያን ጊዜ ፈራች። ያን ያህል ዘመን የተጠበቀው ቃል በዚያች ሳሎን ውስጥ ሲነገር ትንሽ መሰላት፤ እናቷን ከወንበሯ ለማስነሳት የማይበቃ፣ የሆነ ነገር የጎደለው። ሳታስበው አፏ የለመደውን ሥራ ሠራ።

«እያለቀሰ ነው የነገረኝ፣ እማዬ። ‹ይቅር በይኝ በያት› ብሏል።»

እናቷ አሁን ቀና አለች። «እያለቀሰ?»

«አዎ።»

ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ዓይኗ ውስጥ ብቅ ብሎ የነበረው ነገር ተመልሶ ሲገባ መምህርቷ በደንብ ታያት።

«አባትሽ በልጄ ቀብር ላይ አላለቀሰም» አለች እናቷ። «‹ይቅር በይኝ› የምትባለዋን ደግሞ አፉ አያውቃትም። ደክመሻል ልጄ። እጅሽን ታጠቢና እህል ቅመሺ።»

«እማዬ፣ ስሚኝ። መጨረሻውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። የመጀመሪያው ግን የሱ ነው። የጋሼ አጥንት ይውጋኝ፣ የሱ ነው።»

«እስከ ዛሬስ የቱ የሱ፣ የቱ ያንቺ እንደ ሆነ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?» ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖረው ይቀል ነበር። «እኔም ሰምቼ ዝም እያልኩሽ ኖርኩ። በግድግዳው የሱን እሰማለሁ፣ ካንቺ ያንቺን እሰማለሁ። አሁን ግን ግድግዳ የለኝም። ይምጣና ከዚያ ወዲያ ሆኖ ይበለው። ያኔ አምናለሁ።»

«ላይመጣ ይችላል።»

«ይመጣል» አለች እናቷ፤ የመኪናውን ጎማ በእጇ ገፋ አድርጋ ስፌቷን ቀጠለች። «ሸሚዙን ኮሌታውን ገልብጬለታለሁ። ሲወጣ ይለብሰዋል በዪው።»

በማግስቱ ጠዋት መምህርቷ ክፍል ውስጥ ነበረች። ርእሰ መምህሩ በሩን ገፋ አድርጎ በእጁ ጠራት። ሲያስተምር ድምፁ ጣሪያ የሚነካ ሰው ያን ቀን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሆስፒታል ተደውሎ ነበር» ብሎ ጀመረ፣ መጨረስ ግን አልቻለም። መጨረስም አላስፈለገውም። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቦርሳዋን ሳትይዝ ወጣች።

ለእናቷ እንዴት እንደምትነግራት እስከ ቤት ድረስ አሰበች። የሚለሰልስበት መንገድ አልተገኘም። በሩ ላይ ቆማ «አባባ ሞተ» አለች። እናቷ ሾርባውን ወደ ፔርሙዙ እየገለበጠች ነበር። እስኪሞላ ገለበጠች፤ ክዳኑን ከደነች፤ ከዚያ ፔርሙዙን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

አባቷ ኮሌታው በተገለበጠው ሸሚዝ ተቀበረ። ለቅሶ ቤቱ ሞላ፣ ወንበር ከጎረቤት መጣ፣ ሰዎች ስለ ሾፌሩ ታማኝነትና በዘመኑ አንድ ሰው እንኳ ገጭቶ እንደማያውቅ አወሩ። እናቷ የሚያጽናኗትን ሁሉ እሺ እያለች ሸኘች። ቀናት አልፈው ወንበሮቹ ከተመለሱና ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ከቀሩ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የስፌት መኪናዋን በመሸፈኛው እንደ ሸፈነችው አጠገቡ ተቀምጣ ልጇን ጠራቻት።

«ያን ቀን ያለውን ንገሪኝ። የሱን ብቻ።»

መምህርቷ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። በሕይወቷ ለስንቱ ክፍል ያስተማረችውን ነገር አሁን ገና የምትጀምረው ያህል ከበዳት።

«‹ሚጡ› አለኝ። ‹ለእናትሽ ንገሪያት። ልጁን ያባረርኩት እኔ ነኝ። ራሱ አልሄደም› አለ።»

«ሌላስ?» አለች እናቷ።

«ላንቺ ያለው ይኸው ነው። ለኔ ደግሞ…» ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ያን ቀንም የደበቀችው ይህን ነበር። «‹ያላልኩትን ስታወሪላት በግድግዳው ስሰማ ኖሬያለሁ። ይቺን ግን እንዳትጨምሪባት› አለኝ።»

የእናቷ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ።

«እንዳትጨምሪባት አለ?»

«አዎ።»

«ያንቺን እዚያ ሆኖ ይሰማው ነበር?»

«ሁሌም።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ስስ ነው፤ ቀለሙ በእሷ ጀርባ በኩል ከመደገፍ ብዛት ለቋል። በዚያኛው ወገንም የአባቷ አልጋ ራስጌ በሚነካበት እንዲሁ ለቋል፤ ይህን ወደ ሁለቱም ክፍል ገብታ የምትወጣዋ ልጅ ብቻ ታውቃለች። እናቷ መዳፏን ጣውላው ላይ አሳርፋ «እሱ ነው» አለች። «ይሄ የሱ ነው። እንዲህ የሚል እሱ ብቻ ነው።» ከዚያ ያን ያህል ዘመን የያዘችው ለቅሶ መጣ፤ ለልጇም ለባሏም አንድ ላይ። መምህርቷ «አይዞሽ» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

ሲወጣላት እናቷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ትክ ብላ መሬቱን እያየች፣ ድሮ ሻይ መቅረቡን በምትናገርበት ድምፅ፣

«ሰምቻለሁ በዪው» አለች።

መምህርቷ ለማን ብላ አልጠየቀችም። ተነሥታ ወደ ኋላው ክፍል ገባች። አልጋው ተነጥፏል፣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ እግርጌው ላይ ተቀምጧል፣ የወደቀው ሬዲዮ በክር እንደ ታሰረ መስኮቱ ላይ አለ። ከግድግዳው ወዲያ እናቷ ትንፋሿን ይዛ እንደምታዳምጥ ታውቃለች። አልጋው አጠገብ ቆማ፣ ድምፁ ወደ ሳሎኑ እንዲያልፍ ከፍ አድርጋ፣

«‹ሰምቻለሁ› ብላለች፣ አባባ» አለች።

ምንም አልጨመረችበትም።